ዝም ያለው ኢንዛይም

እናቴ የደም ስኳሯን ለመለካት ጣቷን የምትወጋው በማለዳ ነው። ቡና ሳይፈላ፣ እህል ሳትቀምስ። ቤታችን ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ወደ አቃቂ በሚያሳየው መስኮት በኩል ትቀመጥና መነጽሯን ታደርጋለች። ከትንሿ ብልቃጥ አንድ ስትሪፕ፣ ደሙን የምታስነካበትን ቀጭን ቁራጭ፣ ታወጣለች። ክዳኑን ወዲያው ትከድናለች። ይህን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ብልቃጡ ክፍት ካደረ እርጥበት ይገባዋል፤ እርጥበት ከገባው ስትሪፑ ላይ ያለው ኢንዛይም፣ ስኳሩን የሚለየው ፕሮቲን፣ ይበላሻል። እሷ ግን "ኢንዛይም" አትልም። "ነገርዬው" ነው የምትለው። "ነገርዬው እንዳይሞትብኝ" ትልና ክዳኑን ጫን ታደርገዋለች።

ይህ ጽሑፍ ስለ ነገርዬው ነው። ባለፈው ጥር ስለሠራሁት ጥፋትም ነው። ሁለቱን ለይቼ መጻፍ ሞክሬ አልሆነልኝም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ላብራቶሪ ውስጥ እያለሁ እናቴ ደወለች።

"340 አለኝ" አለች። ድምጿ ይንቀጠቀጣል።

"ምን በላሽ?"

"ምንም! ለእህትሽ ልጆች ማንጎ ስቆርጥላቸው ነበር። በእኔ አፍ እንኳ አልዞረም።"

"እማዬ፣ እጅሽን ታጥበሻል?"

ዝም አለች።

"በሳሙና ታጠቢ። በደንብ አድርቂው። ከዚያ ሌላ ጣት ውጊ።"

አሥር ደቂቃ ሳይሞላ መልሳ ደወለች። 138። "ተመስገን" አለችና ስልኩን ዘጋችው።

ማሽኑ ግን አልዋሸም። ስትሪፑ የሚጠጣው ደም ብዙ ጊዜ ከአንድ ማይክሮሊትር አይበልጥም። አንድ የውኃ ጠብታ እንኳ ወደ 50 ማይክሮሊትር ይሆናል። እንዲህ ባነሰች ደም ላይ፣ ጣት ላይ የደረቀ የማንጎ ጭማቂ ብዙ ነው። ኢንዛይሙ የተጠየቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። እዚህ ግሉኮስ የሚባለው ስኳር አለ ወይ? አለ። ከደም ይምጣ ከማንጎ እሱ የሚያውቀው ነገር የለም። ያንን ማወቅ ያለበት የሚለካው ሰው ነው።

ይህን ለእናቴ ረጋ ብዬ አስረዳኋት። ለራሴ ግን በደንብ አልያዝኩትም ነበር።

ብዙ ስትሪፕ ላይ ያለው ኢንዛይም ግሉኮስ ኦክሲዴዝ ይባላል። የሚወጣው አስፐርጊለስ ኒጀር ከሚባል ጥቁር ሻጋታ ነው። ሽንኩርት ልጣጭ ላይ አንዳንዴ የምናየው ጥቁር ብናኝ የዚሁ ወገን ነው። ኢንዛይሙ መራጭ ነው። ግሉኮስን ይወስዳል፤ ሻይ ላይ የምንጨምረውን ስኳር ግን እንዳለ ቢሰጡት አይነካውም። ከእያንዳንዱ ግሉኮስ ሁለት ኤሌክትሮን ይነጥቃል። በተፈጥሮ እነዚያን ኤሌክትሮኖች ለኦክስጅን ያስረክባል፤ ኦክስጅኑም ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይሆናል።

ሊላንድ ክላርክ የተባለው አሜሪካዊ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1956 ኦክስጅን የሚለካ ኤሌክትሮድ፣ ኤሌክትሮን የሚቀበልና የሚሰጥ የኤሌክትሪክ ጫፍ፣ አስተዋወቀ። በ1962 ደግሞ ከቻምፕ ላየንስ ጋር ሆኖ፣ እዚያው ኤሌክትሮድ ፊት ለፊት ኢንዛይም በስስ ገለፈት አስሮ መያዝ እንደሚቻል አሳየ። ግሉኮስ ሲመጣ ኢንዛይሙ ኦክስጅኑን ይጨርሳል። ኦክስጅኑ ሲቀንስ ኤሌክትሮዱ ላይ የሚፈሰው ኤሌክትሪክ፣ ከረንቱ፣ ይወርዳል። ከወረደው መጠን የግሉኮሱ ልክ ይታወቃል። ባዮሴንሰር የሚባለው፣ እንደ ኢንዛይም ባለ ሕይወታዊ ነገር የሚለካ መሣሪያ የመሥራት ሙያ፣ ልደቱን ከዚያ ይቆጥራል። የመጀመሪያው ሴንሰር የተናገረው በመቀነስ መሆኑን ልብ በሉልኝ። በኋላ እመለስበታለሁ።

ችግሩ ርቀት ነው። ግሉኮስ ኦክሲዴዝ ትልቅ ሞለኪውል ነው። ኤሌክትሮኖቹን የሚይዘው ክፍሉ፣ ኤፍ.ኤ.ዲ. የሚባለው፣ ፕሮቲኑ ውስጥ ጠልቆ ነው የሚገኘው። ኤሌክትሮዱ ውጭ ነው። ኤሌክትሮን ደግሞ ከአንድ ተኩል ናኖሜትር ገደማ በላይ መዝለል ይከብደዋል። አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ነገሩ ሁሉ የሚቆመው እዚያች ርቀት ላይ ነው።

ለእኛ ሰፈር ሰው ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። አስፋልቱ ደርሷል። ቤቱም ተሠርቷል። ከአስፋልቱ እስከ ደጃፍ ያለው ግን ኮረኮንች ነው። ታክሲው አስፋልቱ ላይ አውርዶን ይሄዳል።

አንዱ መላ ባጃጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 እንግሊዝ አገር ያሉ ተመራማሪዎች ፌሮሲን የተባለ ብረት ያለበት ውህድ ተጠቀሙ። ፌሮሲኑ ኢንዛይሙ ዘንድ ይደርሳል፣ ኤሌክትሮን ይጭናል፣ ኤሌክትሮዱ ላይ ያራግፋል፣ ይመለሳል። በ1987 በዚሁ መንገድ የሚሠራ፣ እስክሪብቶ የሚያህል የስኳር መለኪያ ገበያ ላይ ዋለ። የእናቴ ማሽን የዚያ የልጅ ልጅ ነው።

ሌላው መላ እስከ ደጃፍ ድረስ ኮብልስቶን ማንጠፍ ነው። ወርቅ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ወርቁ ናኖሜትሮችን ብቻ ካከለ ደግሞ ኢንዛይሙን ተጠግቶ መቀመጥ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2003 የኢየሩሳሌም ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲው ኢታማር ዊልነርና ባልደረቦቹ 1.4 ናኖሜትር የሆነች የወርቅ ቅንጣት ከኤፍ.ኤ.ዲ. ጋር አያያዙና ኢንዛይሙን በዙሪያዋ መልሰው ገጠሙት። ኤሌክትሮኖቹ በሰከንድ ወደ 5,000 በሚጠጋ ፍጥነት ወጡ። ኢንዛይሙ በተፈጥሮ ለኦክስጅን የሚያስረክበው ወደ 700 ገደማ ነው። ይህን ያነበብኩ ለት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሰው ተፈጥሮ ካበጀችው መንገድ የፈጠነ መንገድ አበጀ። ያውም በዓይን በማትታይ ወርቅ።

እኔ የምሠራው እንደዚያ የረቀቀ አይደለም። የወርቅ ናኖ ቅንጣት እሠራለሁ። ጥቁር የካርቦን ኤሌክትሮድ ላይ ጠብ አደርገዋለሁ። ሲደርቅ ኢንዛይሙን ከላይ አለብሰዋለሁ። ወርቁ ለኢንዛይሙ ሰፊ መቀመጫ ይሆነዋል፣ ኤሌክትሮኑንም ያሳልፋል። በቃ። ግን ይህ "በቃ" ያልኩት ነገር ሁለት ዓመቴን በልቷል።

ወርቁን መሥራት ከሁሉ የምወደው ክፍል ነው። መንገዱን እ.ኤ.አ. በ1951 ጆን ተርኬቪችና ባልደረቦቹ በደንብ አጥንተው ጽፈውታል። ፈዘዝ ያለ ቢጫ የወርቅ ክሎራይድ ውኃ ይፈላል። ሲፈላ ሶዲየም ሲትሬት ይጨመርበታል። ሲትሬት ሎሚን የሚያኮመጥጠው አሲድ ጨው ነው። ቢጫው ይጠፋል። ውኃ ይመስላል። ከዚያ ግራጫ፣ ከዚያ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ይሆናል። ከዚያ ቀስ እያለ ይቀላል። መጨረሻው የወይን ጠጅ ቀለም ነው።

መጀመሪያ ስሠራ ቀለሙ የሚለወጥበት ሰዓት ካነበብኩት እየዘገየብኝ ተጨነቅኩ። መድኃኒቱ ተበላሽቶ ይሆን? ሚዛኑ ተሳስቶ ይሆን? በኋላ ቴርሞሜትሩን አየሁ። የእኛ ውኃ በ100 ዲግሪ አይፈላም። ከፍታችን ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፤ ውኃው 92 ወይም 93 ዲግሪ ላይ ይንተከተካል። ሽሮ ዝቅ ካለ አገር ይልቅ እዚህ ቆይቶ የሚበስለውም ለዚሁ ነው። እናቴ ብትጠየቅ ኖሮ ወዲያው ትነግረኝ ነበር። ሌላ አገር የተጻፈ "ይፍላ" የሚል ቃል እዚህ ሌላ ትርጉም አለው።

ቱሉ ዲምቱ በአፋን ኦሮሞ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። ብልቃጡ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀላ ቀን ያሰብኩት እሱን ነው። ፎቶ አንስቼ ለእናቴ ላክሁላት።

"ወይን ጠጅ መጠጣት ጀመርሽ?" አለችኝ።

"ወርቅ ነው፣ እማዬ።"

"ወርቅ ከመቼ ወዲህ ነው የሚቀላው?"

ጥያቄዋ ትክክል ነው። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ማይክል ፋራዳይም እ.ኤ.አ. በ1857 የተነሳው ከዚሁ ጥያቄ ነበር። ቀዩ ፈሳሽ በጣም የደቀቀ ወርቅ እንደሆነ የተረዳ እሱ ነው። ቅንጣቶቹ 15 ናኖሜትር ገደማ ሲሆኑ ላያቸው ላይ ያሉት ኤሌክትሮኖች ከብርሃኑ ጋር አብረው ይወዛወዛሉ። አረንጓዴውን ብርሃን ይውጡታል። ለዓይናችን የሚተርፈው ቀዩ ነው። ቅንጣቶቹ ከተጣበቁ ቀለሙ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ለዚህ ቁንጥር ጨው ይበቃል። አንዴ ብልቃጡን በቧንቧ ውኃ አለቅልቄ በተጣራ ውኃ ሳልደግመው ቀረሁ። ቀዩ ፈሳሼ ዓይኔ እያየ ሐምራዊ ሆነ። ወርቁ ከውጭ ታዝዞ ነው የሚመጣው፤ ወራት ይፈጃል። ያን ቀን ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

እዚህ ላይ የማምንበትን ልናገር። በዚህ ሙያ የሚወጡ ጽሑፎች ብዙዎቹ የሚሽቀዳደሙት በአንድ ቁጥር ነው። ሴንሰሩ ሊያየው የሚችለው ትንሹ መጠን ስንት ነው? አንዱ ናኖሞላር ይላል፣ ሌላው ከዚያም ያነሰውን ፒኮሞላር። መልካም ነው። የእናቴ ደም ውስጥ ያለው ግሉኮስ ግን በሚሊሞላር የሚቆጠር ነው፤ ከፒኮሞላር በቢሊዮን እጥፍ ይበልጣል። እሷን የሚያስጨንቃት ሌላ ነው። ስትሪፑ መደርደሪያ ላይ ስንት ወር ይቆያል? ሙቀት ሲመታው ምን ይሆናል? ከፍታው ምን ያደርገዋል? ግሉኮስ ኦክሲዴዝ ያለበት ስትሪፕ ላይ ኦክስጅን የባጃጁ ተቀናቃኝ ነው፤ ተሳፋሪ ይሻማዋል። አየሩ ሲሳሳ ሻሚው ያንሳል፤ ቁጥሩም ከእውነቱ ከፍ ሊል ይችላል። መመሪያው ወረቀት ላይ እስከ ስንት ሜትር ከፍታ እንደሚሠራ የሚጻፈው ለዚህ ነው። እንጦጦ አናት ላይ ስኳሩን ለሚለካ ሰው ይህች መስመር ትልቅ መስመር ናት። እኔ ሴንሰርን የምመዝነው በዕድሜው ነው። ዛሬ ያለውን ነገም ይለዋል ወይ?

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ፤ ነገሩ የተጀመረው በጎመን ነው።

ከሕንጻችን ሥር፣ ኮብልስቶኑ ጥግ ላይ፣ አንዲት እናት ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ይሸጣሉ። እትዬ ነው የምንላቸው። እሳቸውና ልጃቸው አቃቂ ወንዝ ዳር መሬት ተከራይተው ያለማሉ። አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ስወርድ ጠሩኝ።

"የኔ ልጅ፣ አንቺ የምትሠሪበት ቤት ጎመን ላይ ያለ መድኃኒት ይታወቃል?"

ገበሬው ፀረ ተባይን መድኃኒት ነው የሚለው።

"ለምን ጠየቁኝ፣ እትዬ?"

"ልጄ በረጨ ቁጥር ራሱን ያመዋል። ዓይኑ ያለቅሳል። ምራቁ ይበዛል። እሱን እንዲህ ካደረገው የሚበላውን ሰውስ ምን ያደርገው ይሆን ብዬ ነው።"

ደንግጬ ቆምኩ። ራስ ምታት፣ እንባ፣ ምራቅ። የተማርኩት ነገር በሙሉ እዚያ ጥግ ላይ ቆሞ አገኘሁት።

ሰውነታችን ውስጥ አሴቲልኮሊንኤስተሬዝ የሚባል ኢንዛይም አለ። ስሙ ይረዝማልና ኮሊንኤስተሬዝ ልበለው። ነርቭ ጡንቻን ሲያዝ አሴቲልኮሊን የሚባል መልእክተኛ ኬሚካል ይለቅቃል። ትእዛዙ ከደረሰ በኋላ መልእክቱን የሚያፈርሰው ይህ ኢንዛይም ነው። አንዱ ሞለኪውል ብቻውን በሰከንድ ብዙ ሺህ ያፈርሳል። ካላፈረሰ ትእዛዙ አያበቃም። እንባና ምራቅ ይፈሳል፣ ጡንቻ ይንቀጠቀጣል፣ ሲብስ ትንፋሽ ይቆማል። ኦርጋኖፎስፌትና ካርባሜት የሚባሉት ፀረ ተባዮች የሚሠሩት ይህን ኢንዛይም በመቆለፍ ነው። ማላታዮን ከእነዚህ አንዱ ነው። ቁልፉ የትል ነው ብሎ ሰውን አያልፍም።

ይኸው ኢንዛይም ኤሌክትሮድ ላይ ሲቀመጥ ሴንሰር ይሆናል። አሴቲልታዮኮሊን የሚባል ምግብ እሰጠዋለሁ። እሱ ሲሰባብረው ድኝ ያለበት ታዮኮሊን ይወጣል። ታዮኮሊኑ ወርቁ ላይ ኤሌክትሮኑን ይለቅቃል። ከረንት ይነበባል። ከዚያ ኤሌክትሮዱን የጎመን ጭማቂ ውስጥ እነክረዋለሁ። እንደገና ምግብ እሰጠዋለሁ። ከረንቱ ከወረደ ኢንዛይሙን የቆለፈው ነገር አለ ማለት ነው። የስኳሩ ሴንሰር ብዙ ሲያገኝ ይጮኻል። ይኼኛው መርዝ ሲያገኝ ዝም ይላል።

የምንገዛው ኢንዛይም የሚወጣው በደቡብ አሜሪካ ወንዞች ውስጥ ከሚኖር፣ ኤሌክትሪክ ከሚያመነጭ ዓሣ ነው። የአማዞን ዓሣ ስለ አቃቂ ጎመን ሊመሰክር ነው። ይህ ሐሳብ ደስ ይለኝ ነበር። ለእትዬም ነገርኳቸው። "ዓሣው ይማርልኝ" አሉና ሳቁ። አንድ እስር ጎመን በነጻ ሰጡኝ።

ጥፋቱ እንዲህ ነው። ከጥምቀት በፊት አሥራ ሁለት ኤሌክትሮዶች አዘጋጅቼ ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጥኩ። ከማስቀመጤ በፊት ሁለቱን ለካኋቸው። ከረንታቸው ጥሩ ነበር። ለበዓሉ ሁላችንም ወጣን። ስመለስ ፍሪጁ ቀዝቅዟል። አንድ ኤሌክትሮድ አወጣሁ። ደንቡ እያንዳንዱን ኤሌክትሮድ ከመንከር በፊትም በኋላም መለካት ነው። እኔ ግን ምግቡ እያለቀብኝ ነበር። ከበዓሉ በፊት የለካኋቸውን የሁለቱን አማካይ እንደ መነሻ ወሰድኩ። በቀጥታ ጎመኑ ውስጥ ነከርኩት።

ከረንቱ በሁለት ሦስተኛ ወረደ።

ደገምኩት። ያው ነው። ሦስተኛ ኤሌክትሮድ ወሰድኩ። ያው። እጄ ተንቀጠቀጠ። እውነቱን ልናገር፣ ደስታም ነበረበት። ሁለት ዓመት የለፋሁበት ነገር ተናገረ ብዬ ነበር። እትዬን ፈጽሞ አላሰብኳቸውም።

ማታ ለእናቴ ነገርኳት። "ከእትዬ ጎመን አትግዢ፤ መድኃኒት አለበት" አልኳት። እናቴ ሰው ትወዳለች። በማግስቱ ቡና ላይ ለጎረቤት ነገረች። ጎረቤት ለጎረቤት ነገረ። በክፋት የተናገረ የለም። ሁሉም ለልጁ ፈርቶ ነው።

በሦስተኛው ቀን ስወርድ የእትዬ ጎመን ጠውልጎ አየሁት። ቅጠሉ ዳር ዳሩን ቢጫ ሆኗል። እሳቸው ውኃ ያርከፈክፉበታል። ቀና ብለው ሰላም አሉኝ። ለምን ገበያ እንደጠፋባቸው አያውቁም።

ላብራቶሪ ስደርስ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ንጹህ በፈር፣ አሲድነቱ የማይዋዥቅ የላብራቶሪ ፈሳሽ፣ ቀዳሁ። ጎመን የለበትም። ምንም የለበትም። አራተኛውን ኤሌክትሮድ እዚያ ውስጥ ነከርኩትና ለካሁ።

ከረንቱ በሁለት ሦስተኛ ወረደ።

ደሜ ቀዘቀዘ። ወጥቼ ጥበቃውን ጠየቅኳቸው። "መብራት? በከተራ ማግስት ሄዶ ሁለት ቀን አልመጣም" አሉኝ። ጄኔሬተሩም አልተነሳም። ፍሪጁ ቀልጦ፣ ሞቆ፣ እንደገና ቀዝቅዞ ነው እኔ የደረስኩት። ኢንዛይሜ ሞቶ ነበር። እኔ የሞተ ምስክር አቅርቤ ሰው ላይ ፈረድኩ።

የዚህ ዓይነት ሴንሰር ትልቁ አደጋ ይህ ነው። የሞተ ኢንዛይምና የተመረዘ ኢንዛይም አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ዝም ይላሉ። የስኳር ስትሪፕ ኢንዛይሙ ሲሞት ቁጥሩ ይወርዳል ወይም ስህተት የሚል ጽሑፍ ይመጣል፤ ሰው ይጠረጥራል። የእኔ ሴንሰር ሲሞት ግን "መርዝ አገኘሁ" ብሎ ይሞታል። ይህን የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ለፈተና ጽፌዋለሁ። "እጅሽን ታጥበሻል?" ብዬ እናቴን የጠየቅኩ ሰው፣ ራሴን አንድ ጥያቄ ሳልጠይቅ ቀረሁ።

በዚያ ሳምንት አዲስ ኤሌክትሮዶች ሠራሁ። ወርቁን እንደገና አፈላሁ። እያንዳንዱን በፊትም በኋላም ለካሁ። ከእያንዳንዱ የጎመን ናሙና ጎን አንድ ኤሌክትሮድ ንጹህ በፈር ውስጥ አስቀመጥኩ። ሌላም እርምጃ ጨመርኩ። ማላታዮንና መሰሎቹ እንዳሉ ኢንዛይሙን በደንብ አይቆልፉትም፤ የነፍሳቱ ሰውነት ውስጥ ድኛቸው በኦክስጅን ሲተካ ነው ክፉ የሚሆኑት። ስለዚህ ናሙናውን አስቀድሜ በትንሽ ብሮሚን ውኃ ማከም ነበረብኝ። ይህንንም መጀመሪያ ዘልዬው ነበር።

ፍሪጅ ያቆየሁት የእትዬ ጎመን ከንጹሁ በፈር የሚለይ ነገር አላሳየም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እናቴን ይዤ ሄድኩ። አንድ ኪሎ ቡና ይዘናል። እናቴ መሄድ ያለብን ሁለታችንም ነን አለች፤ አፏ ነው ወሬውን ያወጣው። እትዬ በርጩማ ሰጡን። ሁሉንም ነገርኳቸው። ፍሪጁን፣ መብራቱን፣ ያልለካሁትን ነገር። "ጎመንዎ ንጹህ ነው ማለት አልችልም" አልኳቸው። "እኔ የተናገርኩት ግን ልክ አልነበረም።"

ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ "ሦስት ቀን ሙሉ ለበግ ሰጠሁት" አሉ። ሌላ አላሉም። እናቴ ተነስታ ጉልበታቸውን ልትስም ስትል ያዟት።

ቡናው ተፈላ። ሁለተኛው ስኒ ላይ እትዬ ወደ እኔ ዞሩ።

"ነገርዬው ሞቶ ነበር ነው የምትይኝ?" የእናቴን ቃል ይዘውታል።

"አዎ፣ እትዬ።"

"መሞቱን በምን አወቅሽ?"

የትኛውም ፈታኝ እንዲህ አልጠየቀኝም።

"ምንም የሌለበት ውኃ ሰጠሁት። እዚያም ላይ ዝም አለ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ስኒያቸውን አስቀመጡና ወደ ጓዳ ገቡ። ሁለት እስር ጎመን ይዘው ወጡ። አንዱ በቀይ ክር፣ አንዱ በነጭ ክር ታስሯል።

"አንዱ ከተረጨ ሁለት ቀኑ ነው። አንዱ አልተረጨም። የትኛው እንደሆነ ግን አልነግርሽም።"

ሰኞ ጠዋት መጀመሪያ የለካሁት ንጹሁን በፈር ነው። ከረንቱ ከነበረበት ንቅንቅ አላለም። ባለ ነጭ ክሩ ያንኑ መሰለ። ባለ ቀይ ክሩ በሦስት ኤሌክትሮድ ሦስቱም ላይ ወረደ። አልፈጠንኩም። ፕራሊዶክሲም የሚባል መድኃኒት ጨመርኩበት። በኦርጋኖፎስፌት ለተመረዘ ሰው ሆስፒታል ውስጥ የሚሰጠው ራሱ ነው፤ የተቆለፈውን ኢንዛይም ይፈታል። የሞተውን ግን አያስነሳም። ከረንቱ ተመልሶ ወጣ። አልሞተም ነበር። ተቆልፎ ነበር።

ደወልኩላቸው። "ባለ ቀዩ ነው፣ እትዬ።"

"እሱ ነው" አሉ። ከዚያ "ስንት ቀን ቢቆይ ይለቀዋል?" አሉኝ።

ጠርሙሱ ላይ ከርጭት በኋላ የሚጠበቀው ቀን ይጻፋል። እሳቸው ዘንድ የሚደርሰው መድኃኒት ግን በሃይላንድ ፕላስቲክ ተቀድቶ ነው። ጽሑፍ የለበትም። የልጃቸውን አፍና አፍንጫ ምን ይሸፍነው፣ እጁንስ በምን ይታጠብ፣ ይህን ተነጋገርን። ስለ ቀኑ ግን መልስ አልነበረኝም።

"ከአንድ መደብ ላይ በየቀኑ አንድ እስር ይላኩልኝ" አልኳቸው።

ከማክሰኞ ጀምሮ ልጃቸው ጠዋት ጠዋት ደረጃችን ሥር ያስቀምጥልኛል። በእስሩ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት አለ። ዛሬ ያገኘሁት 5 ይላል።